ስለ ፈረስ ደም ምርመራ፤ የወፈረ ፈረስ ሁሉ ጤነኛ እንዳይደለ

የፈረስን ጤንነት በጠጕሩ ማብራት፥ በአንገቱ መደንደንና በዳሌው መሙላት መገመት ከአባቶች የተወረሰ ልማድ ነው። ይህ ግምት ረኃብንና ድካምን ለመለየት ይረዳል፤ ጥጋብ ያመጣውን በሽታ ግን አያሳይም። በጋጣው ታስሮ ገብስ ሲቀለብ የሚከርም፥ ለበዓል ቀን ብቻ የሚጫን ፈረስ፥ ባለቤቱ በውፍረቱ ሲደሰት ሳለ አንድ ቀን ጧት እግሩን ማንሣት ያቅተዋል። ሰውም ቡዳ በላው ይላል። ነገር ግን ደሙ አስቀድሞ ቢመረመር ኖሮ ምክንያቱ በታወቀ ነበር።

ገብሱ በሆድ ከተፈጨ በኋላ ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። በዚህ ጊዜ ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ቅመም ያመነጫል፤ ሥራውም ስኳሩን ከደም ወደ ሥጋ ማግባት ነው። ፈረስ ከመጠን በላይ ሲወፍርና ሥራ ሲፈታ ሥጋው ለኢንሱሊን አልታዘዝ ይላል፤ ቆሽትም ኢንሱሊኑን እያበዛ ይልካል። ስለዚህ የስኳሩ ልክ ደኅና ሆኖ ሳለ ኢንሱሊኑ በዝቶ ይገኛል፤ ስኳሩን ብቻ የመረመረ ሰውም በሽታውን ይስተዋል። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. የአውስትራልያ ሊቃውንት በጤነኛ ድንክ ፈረሶች ደም ኢንሱሊን ቢያበዙ፥ በ72 ሰዓት ውስጥ የኮቴ ሕመም ያዛቸው። የኢንሱሊን መብዛት ኮቴን ከአጥንት ጋራ የሚያያይዘውን ሥጋ እንደሚጐዳ በዚህ ታወቀ። ድርቆሽ ብቻ የበላ ፈረስ ኢንሱሊኑ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ50 ማይክሮ ዩኒት በላይ ቢገኝ እጅግ ያሠጋዋል።

የልብ ምልክት ደግሞ ትሮፖኒን ይባላል። ይህ በልብ ጡንቻ ውስጥ የሚኖር ነገር ስለ ሆነ በጤነኛ ፈረስ ደም የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው። ከረዥም ግልቢያ በኋላ በመጠኑ ከፍ ይላል፤ አብዝቶ ቢገኝ ግን ልብ ለመጐዳቱ ምልክት ነው፤ የጐዳውን ነገር ለይቶ አይናገርም። ከጐጂዎቹ አንዱ በዶሮና በከብት መኖ የሚጨመረው ሞነንሲን የሚባለው መድኃኒት ነው፤ ፈረስ ጥቂቱን ቢበላ የልቡ ጡንቻ ይበላሻል፤ ማርከሻም የለውም። ስለዚህ የዶሮ መኖ ለፈረስ ከቶ አይሰጥ።

ውጤቱ እንዳያሳስት የደሙ አቀዳድ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ፈረሱ ጥራጥሬ ከበላ 4 ሰዓት ሳይሞላው፥ ከመንገድ እንደ ገባ ወይም ሕመም ሳለበት ኢንሱሊኑ ይጨምራልና፥ በለመደው ጋጣ አርፎ ሳለ ይቀዳለት።

የምርመራ ቤት በራቀበት ስፍራ ሁለት ነገሮችን መመልከት ይጠቅማል። አንደኛው፥ በጋማው ሥር ያለው ሞራ ደንድኖ እንደ ሆነ በእጅ መዳሰስ ነው። ሁለተኛው፥ ያረፈ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ስለሚመታ፥ ከዚህ የሚበልጠውን ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ነው። የወፈረውንም በአንድ ጊዜ ማስራብ አይገባም፤ የሰውነቱ ስብ ወደ ደም ጐርፎ ጉበቱን ያበላሻልና፤ ይህም አደጋ በአህያ ይብሳል። ገብሱን ቀስ በቀስ ቀንሶ ድርቆሽ መስጠት፥ ኮቴው ደኅና ከሆነም በየቀኑ ማንቀሳቀስ ይበቃል።

በየአውራጃው ሹመት ያለውና ፈረስ የሚያሳድር ሁሉ ይህን ለባልደራሱና ለጋሪ ነጂው እንዲያስረዳ ይገባዋል። ኮቴው አንድ ጊዜ የላላበት ፈረስ ወደ ቀድሞ ጕልበቱ የሚመለሰው በብዙ ድካም ነውና፥ ምርመራው እግሩ ሳይታመም ይደረግ።