በዘንግ የሚጠመድ ዓሣና የአርዲቦ ሐይቅ ገበያ

ዓሣ በሁለት ዓይነት ይሸጣል። አንደኛው በኪሎ ተመዝኖ የሚሸጠው ነው፤ ይህንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለተኛው ሚዛን የማያስፈልገው ሽያጭ ነው፤ ገዥው የሚከፍለው ለዓሣው ሳይሆን ዓሣ ሲያጠምድ ለሚያሳልፈው ቀን ነው። ለመኝታው፣ ለምግቡ፣ ለጀልባውና ለመሪው ይከፍላል፤ ማታ ባዶ እጁን ቢመለስም ሂሳቡን አያስቀርም። ስለዚህ ሁለተኛ ገበያ ለወሎ ነጋዴዎች፣ ይልቁንም በአርዲቦ ሐይቅ አካባቢ ለሚሠሩት፣ ጥቂት ማመልከት መልካም መስሎ ታይቶናል።

ዓሣን ለመዝናኛ ማጥመድ ታዋቂ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የወደዱት ጨዋታ ነው። በእንግሊዝ አገር ስለዚሁ ጥበብ ከተጻፉት ሁሉ እጅግ የታወቀውን መጽሐፍ በ1653 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው አይዛክ ዋልተን፣ መስፍን ወይም መኰንን ሳይሆን በለንደን ከተማ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። አሜሪካዊው ደራሲ ዜን ግሬይ በ1926 (እ.ኤ.አ.) ወደ ኒውዚላንድ ተጉዞ ትላልቅ የባሕር ዓሦችን በዘንግ አጠመደ፤ ስለዚሁም የጻፈው መጽሐፍ የዚያችን አገር ጠረፍ በአጥማጆች ዘንድ ስመ ጥር አደረገው። አንድ የታወቀ እንግዳ ደስ ብሎት ከተመለሰ፣ ወሬው ብቻውን ሌሎችን ይጠራል።

የእኛም ወንዞች እንዲህ ያለ እንግዳ አይተዋል። ሳሙኤል ቤከር በኋላ ባለቤቱ ከሆነችው ከፍሎረንስ ጋር ሆኖ በ1861 (እ.ኤ.አ.) ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱትን የዓባይ ገባሮች ለመመርመር በመጣ ጊዜ፣ በአትባራ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ትላልቅ ዓሦችን በዘንግና በመንጠቆ ያወጣ ነበር፤ በ1867 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፉም ይህንኑ በሰፊው ተርኮታል። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ተለቀቀ፤ ከዚያም ወዲህ ዘንግ የያዙ እንግዶች በዲንሾ በኩል ወደ ወንዞቹ ይወጡ ጀመር።

አርዲቦ ከእነዚህ የሚያንስበት ምክንያት የለም። የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በወልዲያ መንገድ ላይ ትገኛለች፤ አርዲቦም ከሎጎ ሐይቅ ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል ተኝቷል። በውስጡ ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ ይኖራሉ። በሎጎ ሐይቅ ያለው፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያጸኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከሩቅ አገር ጎብኝ ይስባል። ነገር ግን ገዳሙ ሴቶችን አያስገባም። ስለዚህ ባልና ሚስት ሆነው የመጡ እንግዶች አብረው የሚውሉበት ሥፍራ ይሻሉ፤ የአርዲቦ ዳርቻ ለዚህ የተመቸ ነው።

ለነጋዴ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የዓሣ ገበያ በጾም ወራት ይደምቃል፣ በፍስክ ይቀዘቅዛል። እንግዳው ግን ጾምና ፍስክ ሳይል፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ይመጣል። እንግዲህ የአጥማጁ ጀልባ መረብ በማይጥልበት ቀን እንግዳ ይዞ ቢወጣ፣ የፍስኩን ጉድለት ይሞላል። ባለሱቁም ብዙ ካፒታል ሳያወጣ ጥቂት ዘንግ፣ ጠንካራ ክር፣ ልዩ ልዩ ቁጥር ያለው መንጠቆና የተንሳፋፊ ጃኬት ይዞ በማከራየት ሊጀምር ይችላል። አስመጪውም ዕቃውን ከማዘዙ በፊት አጥማጆቹን ቢጠይቅ ይበጀዋል፤ ለቆሮሶ የሚሆነው መንጠቆ ለአምባዛ አይሆንምና።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚቆመው ዓሣው በውሃው ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ዓይኑ የጠበበ መረብ ገና ያልወለደውን ዓሣ ጠራርጎ ያወጣል፤ ያ ዓሣ በጥቂት ብር አንድ ጊዜ ይሸጣል፣ ለከርሞ የሚተካው አይገኝም። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ይህን የመሰለውን ጥፋት ለመከላከል የታሰበ ነው። አዲስ ዘር መልቀቅም በዘፈቀደ የሚደረግ ሥራ አይደለም። በ1978 (እ.ኤ.አ.) ቆሮሶ በሎጎ ሐይቅ ከተለቀቀ በኋላ፣ ቀድሞ እጅግ ጥሩ የነበረው ውሃ መደፍረሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል፤ ምክንያቱንም ከዚሁ ዓሣ ጋር አያይዘውታል። የአርዲቦ ውሃ ደግሞ ለመስኖም ይፈለጋል፤ ገበሬውና አጥማጁ በአንድ ጠረጴዛ ካልተመካከሩ ሁለቱም ይጎዳሉ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴንና ሐይቅን በደረሰ ጊዜ እንደታየው፣ ሰላም ከሌለ እንግዳ የለም። ሰላሙን ነጋዴው ብቻውን አያመጣውም፤ ሐይቁን መጠበቅ ግን በእጁ ነው። ስለዚህ በአካባቢው ያሉ የሆቴል ባለቤቶች፣ ባለሱቆችና የዓሣ ነጋዴዎች ከአጥማጆቹ ጋር ተሰብስበው፣ ከተወሰነ ልክ በታች የሆነ ዓሣ ላለመግዛት ቢስማሙ መልካም ነው። ገዥ ያጣ ትንሽ ዓሣ በውሃው ይቀራል፤ ዘንግ ይዞ የሚመጣው እንግዳም የሚያጠምደው አያጣም።