ጠበቃዋ ከመድረሷ በፊት

ቴሌቪዥን ከቤተሰቡ አባላት እንደ አንዱ ከተቆጠረ ሰንብቷል። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ትልቁም ትንሹም ዓይኑን ተክሎ የሚጠብቀው ተከታታይ ድራማ አለው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እያናገረ ማቅረብ ሲጀምር ደግሞ፣ የባዕድ ቋንቋ የማያውቁ እናቶችና አባቶች ሳይቀሩ የዚህ ገበታ ታዳሚ ሆኑ።

ከእነዚህ ድራማዎች መካከል ብዙዎችን ቁጭ ብድግ የሚያሰኘው የወንጀልና የጠበቃ ታሪክ ነው። ወንጀል ይፈጸማል፤ ንጹሑ ይከሰሳል፤ ጠበቃው ብድግ ይልና በአንደበቱ ነገሩን ይገለብጠዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1966 የታየው «ፔሪ ሜሰን» የዚህ ዓይነቱ ድራማ አባት ሊባል ይችላል። በዚያ ድራማ ጠበቃው ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር አይረታም፤ እውነተኛው ወንጀለኛም ብዙ ጊዜ እዚያው ችሎት ላይ ይናዘዛል። ከ2015 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በስድስት ምዕራፍ የቀረበው «ቤተር ኮል ሶል» ደግሞ ምላሱ የሚጣፍጥ፣ ነገር ግን በውሸት የሚነግድ ጠበቃ ታሪክ ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ ይህ ጠበቃ በብልጠቱ ቅጣቱን ወደ ጥቂት ዓመታት እስራት ካስወረደ በኋላ፣ ችሎት ፊት ቆሞ በገዛ ራሱ ላይ እውነቱን ይናገራል፤ 86 ዓመትም ይፈረድበታል።

ውድ አንባብያን፤ ይህ የመጨረሻው ትዕይንት ለሙስሊም ተመልካች እንግዳ ሊሆን አይገባም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ፣ በገዛ ራሳችን ወይም በወላጆቻችን ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ እንድንቆምና እንድንመሰክር አዝዞናል። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲሥም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከተሟጋቾች አንዱ ከሌላው ይልቅ አንደበተ ርቱዕ ሊሆን እንደሚችል፣ በዚህ የተነሣ የወንድሙን ሐቅ የተፈረደለት ሰው ግን የወሰደው የእሳት ቁራጭ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ችሎት የረታ ሁሉ ሐቅ አለው ማለት አይደለም።

ድራማዎቹ ሌላም ነገር ያስለምዱናል። ፍትሕ የሚጀምረው ጠበቃው በሩን ከፍቶ ሲገባ ይመስለናል። ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዎች፣ ማለትም ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ሽማግሌው፣ ያየውና የሰማው ሁሉ የታሪኩ ማጀቢያ ብቻ ይሆናሉ። ከአገራችን የፍርድ ቤት ታሪክ የተቀዳ አንድ ፊልም ግን ዓይናችንን ወደ እነዚያ ሰዎች ይመልሰዋል።

የ«ድፍረት» ታሪክ

ፊልሙ «ድፍረት» ይባላል። ቃሉ በአማርኛችን ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ጀግንነት፣ ሌላው የሴት ልጅ መደፈር። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በአማርኛ የሠራው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል።

መነሻው በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ የተፈጸመ እውነተኛ ድርጊት ነው። የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ በፈረስ የመጡ ወንዶች በመንገድ ላይ ጠለፏት። ሊያገባት የፈለገው ሰው ደፈራት። ልጅቱ ለማምለጥ ስትሞክር የያዘችው ጠመንጃ ተተኩሶ ጠላፊዋ ሞተ። ተበዳይዋ በነፍስ ግድያ ተከሳሽ ሆነች።

ጉዳይዋን የያዘው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር። ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1995 ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር ያቋቋመችው መዓዛ አሸናፊ ናት፤ በፊልሙ ውስጥ እርሷን ሆና የተጫወተችው ሜሮን ጌትነት ናት። ክርክሩ ልጅቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው የሚል ነበር፤ ፍርድ ቤቱም በነፃ አሰናበታት። መዓዛ አሸናፊ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆና አገልግላለች፤ በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች።

እንግዲህ እንደ ቴሌቪዥን ድራማ ቢሆን ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ቆም ብለን እናስብ። ጠበቃዋ ስትደርስ ልጅቱ ተደፍራለች፤ አንድ ሰው ሞቷል፤ ሁለት ቤተሰቦች ደም ተቃብተዋል። ነፃ ያላት ፍርድ ያለፈውን ሊመልስላት አልቻለም። ፊልሙ በአዲስ አበባ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ሲልም በፍርድ ቤት እግድ ቆሞ ነበር። አቤቱታው ታሪኩ የደረሰባት ሴት ሳትጠየቅ ሕይወቷ ለሕዝብ ቀረበ የሚል ነበር። እግዱ ኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታየ። ይሁንና ነገሩ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ የተበደለ ሰው ታሪኩም ሐቁ ነው። ቡና ላይ የምናወራው የሰው ልጅ ክብር ሁሉ አማና ነው።

ሕጉ ያኔና ዛሬ

ያ ጠላፊ ያደረገውን ሲያደርግ ከጀርባው ልማድ ብቻ አልነበረም፤ ሕጉም ቀዳዳ ነበረው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን በወንጀልነት ቢመዘግብም፣ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን ካገባች ክስ እንደማይቀርብ ይደነግግ ነበር። ስለዚህ ጠላፊው ወንጀል ሠርቶ ሽማግሌ ይልካል፤ የልጅቱ ወላጆች «ከዚህ በኋላ ማን ያገባታል?» ብለው ይስማማሉ፤ ወንጀሉም በሠርግ ይታጠባል።

ዛሬ ይህ ቀዳዳ ተዘግቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ይናገራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴቷ ከ15 ወደ 18 ዓመት ከፍ አድርጎታል። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 587 ሴትን በኃይል የጠለፈ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ፣ ከደፈራትም በአስገድዶ መድፈር ወንጀል ጭምር እንደሚጠየቅ፣ በኋላ ቢያገባት እንኳ ከቅጣት እንደማያመልጥ ደንግጓል። ያለ ዕድሜዋ ያገባትም ሰው በዚሁ ሕግ ተጠያቂ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ተከራካሪዎች ሲስማሙ የጋብቻና የቤተሰብ ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲጨርሱ ፈቅዷል። ይህ ለእኛ ለሙስሊሞች ትልቅ መብት ነው። ጠለፋ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ሳይሆን ወንጀል ነውና ወደ ፖሊስና ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ሽማግሌ ቢያስታርቅም ክሱ አይቀርም።

ወደ ደጃችን ስንመለስ

«ይህ የአርሲ ታሪክ ነው፤ እኛን ምን አገናኘን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የሴት ልጅ የፈቃድ ጥያቄ በጉራጌ ምድር አዲስ አይደለም። አባቶች እንደሚተርኩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቃቄ ወርድወት የተባለች ሴት በሰባት ቤት ጉራጌ ትልቁ ሸንጎ፣ በየጆካ ፊት ቆማ ተሟግታለች። በጊዜው ልማድ ሴት ባሏ ካልለቀቃት በቀር «አንቂት» በሚባል እርግማን ታስራ ትኖር ነበር። እርሷ ግን ጠበቃ ሳታቆም፣ በራሷ አንደበት፣ ወንዶች በተቀመጡበት ሸንጎ አቤት አለች። ታሪኳ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ በብሔራዊ ቴአትርም በመድረክ ቀርቧል።

ቁርኣንን የሚያነብ ሰው ይህን ሲሰማ ሱረቱል ሙጃደላን ማስታወሱ አይቀርም። ኸውላ ቢንት ሠዕለባ (ረ.ዐ.) ባሏ በጃሂሊያ ልማድ «እንደ እናቴ ጀርባ ነሽ» ብሎ ባንጠለጠላት ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ሄዳ ተከራከረች፤ አቤቱታዋንም አላህ ከሰማያት በላይ ሰማ። ምዕራፉ ስሙን ያገኘው ከዚች ሴት ሙግት ነው። ሴት ልጅ ስለ በደሏ አፏን ብትከፍት ነውር ነው የሚል ሰው ከዚህ ምዕራፍ ፊት ምን ይመልሳል?

ስለ ቡታጅራም የሚነገር ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት በአሥር አገሮች ሴቶች ተጠይቀው ነበር። ከኢትዮጵያ የተመረጠው የቡታጅራ አካባቢ ገጠር ሲሆን፣ የተጠየቁትም ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሴቶች ናቸው። ባል ወይም የትዳር ጓደኛ ከነበራቸው መካከል 71 ከመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ከዚሁ ሰው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ይህ በጥናቱ ከታዩት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር፤ ዝቅተኛው በጃፓን ከተማ 15 ከመቶ ነው። ጥናቱ ስለ ጠለፋ የተደረገ አይደለም፤ ከተደረገም ዓመታት አልፈዋል። ነገር ግን አንድ ነገር ይነግረናል፤ ከእነዚያ ሴቶች አብዛኞቹ ፊልም የሚሠራለት ጠበቃ አላገኙም። በአጠገባቸው የነበረው እናት፣ ወንድም፣ ጎረቤትና ኢማም ነው።

ዝምታ ሁሉ ፈቃድ አይደለም

በኢስላም ኒካሕ ያለ ልጅቱ ፈቃድ አይታሰርም። ኸንሳእ ቢንት ኺዛም (ረ.ዐ.) አባቷ ሳትፈቅድ በዳራት ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋብቻውን ሽረውታል። ቁርኣንም ሴቶችን አስገድዶ መውረስን ከልክሏል። አባት የማይችለውን ነገር ጠላፊ እንዴት ይችላል?

አንዳንዶች «ልጅቱ ስትጠየቅ ዝም አለች፤ የልጃገረድ ዝምታ ደግሞ ፈቃድ ነው» ሲሉ ይሰማሉ። በሐዲሥ የተጠቀሰው ዝምታ ግን በአባቷ ቤት፣ በሰላም ተቀምጣ፣ በሐያእ አንገቷን የደፋች ልጅ ዝምታ ነው። ተጠልፋ፣ ተደብድባ፣ በጠላፊዋ ዘመዶች ተከባ የተቀመጠች ልጅ ዝምታ የፍርሃት ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ ሐዲሡን መበደል ነው።

ስለዚህ በየቤታችን አስቀድመን ልንስማማባቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ።

ለአባቶችና ለእናቶች፤ አላህ አያምጣው እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ፣ ልጃችሁ ወደ ቤት ስትመለስ የመጀመሪያው ቃላችሁ ወቀሳ አይሁን። ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳትቀይር፣ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ትወሰድ። በኤች አይ ቪ እንዳትያዝ የሚሰጠው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። የሐኪሙ ማስረጃም በፍርድ ቤት ከብዙ ቃል ይበልጣል። ገንዘብ የለንም ብላችሁም አትፍሩ፤ የወንጀል ክስ የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ ጠበቃ መቅጠር አያስፈልጋችሁም።

ለሽማግሌዎችና ለኢማሞች፤ ማስታረቅ ትልቅ ዒባዳ ነው። የሁለት ወገን ደም እንዳይፈስ መካከል መግባት የእናንተ ድርሻ ነው፤ ማንም አይነሣችሁም። ነገር ግን በጠለፋ ላይ ኒካሕ ማሰር እርቅ አይባልም። ሙሽራዋ ከቤተሰቧ መካከል ተቀምጣ፣ ዕድሜዋ ደርሶ፣ በገዛ አንደበቷ እሺ ማለቷ ሳይረጋገጥ እጃችሁን አትዘርጉ።

ለወጣት ወንዶች፤ ጠለፋ ብቻውን የሚፈጽመው ሰው ጥቂት ነው። ፈረሱን የሚያቀርብ፣ ዛሬም ከሆነ ባጃጁን ወይም መኪናውን የሚያዘጋጅ፣ መንገድ የሚጠብቅ ጓደኛ አለ። «ጓደኛዬን እንዴት እምቢ እላለሁ?» የምትል ከሆነ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዳይ ወንድምን መርዳት ማለት ከበደሉ መያዝ እንደሆነ ማስተማራቸውን አስታውስ። ያኔ በአርሲው መንገድ ላይ ከነበሩት አንዱ እንኳ «ይህ አይሆንም» ቢል ኖሮ፣ ዛሬ ያ ሰው በሕይወት፣ ያች ልጅ በትምህርቷ ላይ በሆኑ ነበር።

ለወጣት ሴቶች፤ የቃቄ ወርድወት በሸንጎ፣ ኸውላ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊት የተናገሩት ሌላ ሰው እስኪናገርላቸው ሳይጠብቁ ነው። የሚያስፈራችሁን ነገር ቀድማችሁ ለእናታችሁ፣ ለመምህራችሁ ወይም ለምታምኑት ዘመድ ተናገሩ።

ድራማውንም ተመልከቱ፤ ከልጆቻችሁ ጋር ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። ሲያልቅ ግን «ጠበቃው እንዴት ረታ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ይህ ነገር ችሎት ሳይደርስ ማን ሊያስቆመው ይችል ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል።

አላህ ለሐቅ ከሚቆሙት ያድርገን፤ ልጆቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን።