ማሽን የሚያስተምር ደቦ

«አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ባዶ እግሩን ሮጦ ወርቅ አገኘ።» ጉግል በ2018 ለሕዝብ የለቀቀው መልቲሊንጓል በርት የተባለ የቋንቋ ሞዴል ይህን ዐረፍተ ነገር እንዴት እንደሚያነበው እንይ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሞዴሉ የ104 ቋንቋዎችን ዊኪፒዲያ አንብቦ የሠለጠነ ነው። አማርኛ ግን ከእነዚያ ውስጥ የለም፤ የግዕዝ ፊደልም በመዝገበ ቃላቱ አልገባም። ስለዚህ «አበበ» ላይ ሲደርስ «ያልታወቀ» የሚል ምልክት ያስቀምጣል። «ቢቂላ»፦ ያልታወቀ። «በ1960» ላይ ቢያንስ ቁጥሩን ያውቃል እንል ይሆናል፤ ነገር ግን «በ» ከፊቱ ስለተለጠፈች ቃሉን እንዳለ ይጥለዋል። ዘጠኙም ቃላት ከነአራት ነጥቡ «ያልታወቀ» ተብለው ያልቃሉ። አበበ የለም፣ ሮም የለችም፣ ወርቁም የለም።

ይህን ያደረገው የማንም ክፋት አይደለም። ሞዴሉ ሲሠራ የተመረጡት በዋናነት ዊኪፒዲያቸው ትልቅ የሆነ መቶ ያህል ቋንቋዎች ናቸው። በድረ ገጽ ላይ ብዙ ጽሑፍ ያለው ቋንቋ ገባ፤ የሌለው ቀረ። አፍሪካ ውስጥ ከ2000 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ የገቡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀሩት እንዲገቡ የግድ አንድ ሰው ጽሑፍ መሰብሰብ፣ ማረም፣ ምልክት ማድረግ፣ ማሠልጠንና መመዘን አለበት። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። ቋንቋውን አጥርቶ የሚያውቀው ኮድ አይጽፍም፤ ኮድ የሚጽፈው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቋንቋውን አያውቅም።

ማሳካኔ የተባለው የተመራማሪዎች ማኅበረሰብ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። ጄድ አቦትና ላውራ ማርቲነስ የተባሉ ሁለት የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች በ2019 ጀመሩት፤ መነሻው በዚያ ዓመት ናይሮቢ ላይ የተካሄደው ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባ ነው። ኢንዳባ በ2017 በጆሃንስበርግ የተጀመረ የአፍሪካ የማሽን ለርኒንግ ጉባኤ ሲሆን፣ ቃሉ በዙሉ ቋንቋ ለምክክር መሰብሰብን ይገልጻል። «ማሳካኔ» የሚለውም ስም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው፤ «አብረን እንገንባ» እንደማለት ነው። እኔ ስሙን በሰማሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ደቦ ነው። በደቦ የተጠራ ሰው ማጭድ ይዞ ይመጣል እንጂ ዲግሪውን የሚጠይቀው የለም።

አባላቱ በየሀገሩ ተበትነው ስለሚኖሩ የሚገናኙት በኢንተርኔት ነው፤ በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፣ በመካከሉም ሲጠያየቁ ይውላሉ። የሥራው ልብ እኔ እንደሚገባኝ ይኸው መጠያየቅ ነው። ማኅበረሰቡ ከሚመራባቸው እሴቶች አንዱ ማንኛውም ሰው የሚያካፍለው ዕውቀት አለው የሚል ነው፤ ሌላው ደግነት ነው። በሳይንስ ማኅበር ደንብ ላይ ደግነት ተጽፎ ማየት አልተለመደም። ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ «ይህ ኮድ ለምን እምቢ አለኝ?» ብሎ በሰው ፊት የጠየቀ ወጣት ተስቆበት ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን ጥያቄ አይጠይቅም ነበር፤ እሱ ብቻ የሚያውቀው ቋንቋም አብሮት ይቀር ነበር።

ጀማሪን የሚያስገባው በር በጣም ቀላል ተደርጎ ተሠርቷል። ጉግል ኮላብ በተባለው ነፃ አገልግሎት ላይ የሚሠራ የተዘጋጀ ኖትቡክ፣ ማለትም ኮዱ አስቀድሞ የተጻፈበት ገጽ፣ አለ። ጆይ ኤንኤምቲ በሚባል፣ ለተማሪ እንዲገባ ታስቦ አጭርና ግልጽ ሆኖ በተጻፈ የትርጉም ፕሮግራም ላይ የቆመ ነው። ውድ ኮምፒዩተር የሌለው ተማሪ ኖትቡኩን ከፍቶ፣ ወደየትኛው ቋንቋ እንደሚተረጎም የሚናገረውን መስመር በራሱ ቋንቋ ለውጦ ያስነሳዋል። ከዚያ ውጤቱን ይዞ ይመጣል፤ ጥያቄውም ያን ጊዜ ይጀምራል። በዚህ መንገድ ከ30 በላይ ለሚሆኑ ቋንቋዎች የትርጉም መነሻ ውጤት ተሠራ፤ ለሲሶው ያህል ደግሞ ትርጉሙን ተናጋሪዎች ራሳቸው አንብበው መዘኑት። ይህን የሚተርከው ጥናት በ2020 ታትሞ በቀጣዩ ዓመት ከዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን የዓመቱ የምርምር ሽልማትን አግኝቷል።

ደቦው ግን እሾህም ነበረበት። መጀመሪያ የሠለጠኑት ሞዴሎች የተማሩት በአብዛኛው ጄደብልዩ300 ከተባለ ስብስብ ነው፤ ከይሖዋ ምሥክሮች ጽሑፎች የተወሰደ፣ ከ300 በላይ ቋንቋዎችን የያዘ። ለብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች ጎን ለጎን የተተረጎመ ብዛት ያለው ጽሑፍ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ከጊዜ በኋላ የባለቤትነት መብት ጥያቄ ተነሣ፤ ማኅበረሰቡ ፈቃድ ጠየቀ፣ ተከለከለም፣ ስብስቡንም መተው ግድ ሆነ። በሃይማኖታዊ ጽሑፍ ቋንቋ ብቻ የተማረ ማሽን ስለ ስንዴ ዋጋ ሲጠየቅ በስብከት ቃና መመለሱ አይቀርምና፣ አዲስ ጽሑፍ ወደ መሰብሰብ መገደዳቸው በመጨረሻ የጠቀመ ይመስለኛል።

አማርኛ በዚህ ደቦ በጉልህ የገባው በ2021 በታተመው ማሳካነር በተባለው ሥራ ነው። በአሥር የአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ ዜናዎች ተወስደው፣ በውስጣቸው ያሉ የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስሞች እንዲሁም ቀኖች በእጅ ምልክት ተደረገባቸው። በላቲን ፊደል የማይጻፈው አማርኛ ብቻ ነበር። ከደራሲዎቹ መካከል ሰይድ ሙሄ ይማምና እስራኤል አበበ አዚሜ ይገኛሉ፤ በጠቅላላው ደራሲዎቹ ከ50 ይበልጣሉ። ሲያዩት የበዛ ይመስላል፤ ቋንቋቸውን ይዘው የመጡት ሰዎች በምስጋና ገጽ ጥግ ሳይሆን በደራሲነት መጠራታቸው ግን ተገቢ ነው።

ስም መለየት ለሰው ቀላል ነው፤ ለማሽን ግን በአማርኛ ከባድ ነው። እንግሊዝኛ ስምን በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። በዚያ ላይ ስሞቻችን የዕለት ቃላት ናቸው፦ ተስፋ፣ ደስታ፣ ብርሃን፣ አበበ። «ትናንት ሰላም ወደ ጎንደር ተመለሰች» እና «ትናንት ሰላም ወደ ጎንደር ተመለሰ» የሚሉትን አስተያዩ። በመጀመሪያው አንዲት ሴት ከመንገድ መጥታለች፤ በሁለተኛው ከተማዋ ተረጋግታለች። ልዩነቱ ከግሱ ጫፍ ላይ ያለች «ች» ናት። ማሽኑ ይህን እንዲማር አንድ አማርኛ ተናጋሪ የመጀመሪያውን «ሰው» ብሎ ምልክት ማድረግ፣ ሁለተኛውን ማለፍ አለበት፤ አንዴ ሳይሆን በሺህ በሚቆጠሩ ዐረፍተ ነገሮች። ደግሞም «ሰላም» የወንድ ስምም ሲሆን ይገኛል። እንግዲህ «ተመለሰ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ብቻውን ቢመጣ ሁለት ምልክት አድራጊዎች ላይስማሙ ይችላሉ፤ ተነጋግረው መወሰን አለባቸው። ዳታ የሚባለው ነገር እንዲህ ባለ ክርክር ላይ የቆመ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

በዚሁ ሥራ መልቲሊንጓል በርት በአማርኛ ሲፈተን ያገኘው ውጤት ዜሮ ነው። መነሻው ላይ የጠቀስኩት «ያልታወቀ» ያመጣው ዜሮ ነው።

የፊደላችን ነገር ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። «ፀሐይ» የሚለውን ሰው ጸሐይም፣ ፀሀይም፣ ጸሀይም፣ ፀኀይም ብሎ ይጽፈዋል፤ አንባቢ ምንም አይመስለውም። ለማሽኑ ግን እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ቃል ነው። ሞክሼ ሆሄያቱን ወደ አንድ እናጠቃልል ወይስ እንዳሉ እንተዋቸው? በ2022 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ትርጉም ላይ የተሠራ ጥናት ማጠቃለሉ ውጤቱን እንደሚያሻሽል አሳይቷል። የመሐንዲሱ መልስ ስለዚህ ግልጽ ነው። የግዕዝ መምህሩ ግን ሌላ መልስ አለው፦ «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥል ነው፣ «ሰአሊ» ደግሞ «ለምኚ» ማለት ነው፤ «ሠረቀ» ብርሃን ሲወጣ ነው፣ «ሰረቀ» ሌባ የሠራው ነው። እኔ ለትርጉም ሥራ ማጠቃለሉን እቀበላለሁ፤ የጥንት ጽሑፍ በሚነበብበት ሥራ ላይ ግን ሆሄ መደምሰስ ጥፋት ነው። መሐንዲሱና መምህሩ የሚገናኙበት ቦታ ከሌለ ግን ይህ ጥያቄ ጭራሽ አይነሣም፤ ኮዱን የጻፈው ብቻውን ይወስናል።

መገናኘት እንኳ ቀላል አልነበረም። በ2018 ሞንትሪያል ላይ ለተካሄደው ትልቅ የማሽን ለርኒንግ ጉባኤ ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ ተከልክለዋል። አይሲኤልአር የተባለው ሌላ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ደግሞ በሚያዝያ 2020 አዲስ አበባ እንዲደረግ ተወሰነ፤ የአፍሪካ ቋንቋዎች ዐውደ ጥናትም አብሮ ተሰናዳ። ኮቪድ መጣ፣ ሁሉም ወደ ስክሪን ተዛወረ። የማሳካኔ ጽሑፍ በዚያ ዐውደ ጥናት ቀረበ፤ አዲስ አበባ ግን እንግዶቿን ሳታይ ቀረች። ጉባኤው ወደ አፍሪካ ምድር የመጣው በ2023 ኪጋሊ ላይ ነው።

በዚህ መካከል ሥራው ቀጥሏል። በ2022 አማርኛን ጨምሮ 17 የአፍሪካ ቋንቋዎችን እንዲያውቅ የተገራው አፍሮኤክስኤልኤምአር የተባለ ሞዴል ወጣ። በ2023 የቀረበው አፍሪሴንቲ በ14 ቋንቋዎች የተጻፉ ከ110,000 በላይ የትዊተር መልእክቶችን ደስታና ቅሬታቸውን ለይቶ አቀረበ፤ ከኢትዮጵያ ቋንቋዎች አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ገብተውበታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ከ80 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ። አንድ የአርጎብኛ ተናጋሪ ነገ መጥቶ «ከየት ልጀምር?» ብሎ ቢጠይቅ ኖትቡኩ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ የሚለወጠው መስመርም እዚያው ነው። የሌለው ኖትቡኩን የሚመግበው ጽሑፍ ነው። መልሱም ከኮምፒዩተሩ ፊት ተነሥቶ፣ ደብተርና መቅረጸ ድምፅ ይዞ፣ ቋንቋውን አሳምረው ከሚናገሩት አያቶች ዘንድ መቀመጥ ይሆናል።