40 አልፎት ጫማ ያልሰቀለው ዲኤክስ

ፓውሎ ማልዲኒ እ.ኤ.አ በ2009 ሚላንን ተሰናብቶ ጫማውን ሲሰቅል 40 ዓመቱ ነበር። የስፖርቱ ቤተሰብ "በዚህ ዕድሜ!" ብሎ አጨበጨበ። እዚህ አገር ግን 40 ዓመት ሞልቶት ዛሬም ቋሚ ተሰላፊ የሆነ አለ። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ቀን ዕቃ ይጭናል፣ ማታ ደግሞ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ይዞት ሲወጣ ጎማውን ያስጮሃል። ቶዮታ ዲኤክስ ነው።

ነገርየው የኮሮላ አራተኛው ትውልድ ነው። ጃፓኖቹ እ.ኤ.አ በ1979 አወጡት፤ በፋብሪካ ስሙ ኢ70፣ 4ኬ የሚባለውን 1290 ሲሲ ሞተር ሲይዝ ደግሞ ኬኢ70 ይባላል። "ዲኤክስ" ከኋላው የተለጠፈ የደረጃ ምልክት እንጂ ስሙ አልነበረም። እዚህ ግን ምልክቱ ስም ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ይሄ የቤተሰብ መኪና ከፍጥነት ወዳጆች ጋር ምን አገናኘው? መልሱ ከኋላው ነው። ዲኤክስ የሚገፋው በኋላ እግሩ ነው፣ ክብደቱም ከአንድ ቶን በታች ነው። ከእሱ ቀጥሎ እ.ኤ.አ በ1983 የመጣው ኮሮላ ባለ አራት በሩ ወደ ፊት እግር ተቀየረ። በኋላ እግር ከቀጠሉት አንዱ ኤኢ86 ነው፤ ጃፓናዊው ኬይቺ ቱቺያ በድሪፍት ዓለምን ያስደመመበት፣ በኋላም "ኢኒሻል ዲ" የተባለው የሥዕል ታሪክ ጀግና ያደረገው መኪና። የሁለቱ የኋላ አካል ዘመድ ነው። ኤኢ86 ዋጋው ሰማይ ሲነካ ከአውስትራሊያ እስከ ማሌዥያ ያሉ ወጣቶች ፊታቸውን ወደ ኬኢ70 ያዞሩት ለዚህ ነው። የአዲስ አበባው ልጅ ደግሞ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም፤ መኪናው አባቱ ግቢ ቆሟል።

አባቱ ግቢ ለሌለው ግን ገበያው አለ፤ ገበያው ላይ ደግሞ ደላላው አለ። "ሞተሩ ያልተነካ ነው፣ አንድ ሽማግሌ ናቸው የያዙት" ይላል። ሽማግሌው የማይጠፉበት መኪና የለም! አዲስ ቀለም የተቀባ ዲኤክስ ሲያዩ መደሰት ሳይሆን መጠርጠር ነው። በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት በላሜራው ላይ ስትሄድ የማትይዝበት ቦታ ካለ ከሥሩ ያለው ስቱኮ ነው። ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን፣ የፊት መስታወቱን ዙሪያ፣ የኋላ ጎማውን ቅስት ማየት ያስፈልጋል፤ ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። ሞተሩ ጠዋት ሳይሞቅ ይነሳ። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ፋሻው አልቋል፤ ውሃ እየጎደለው ነጭ ጭስ ካላቆመ ጓርኒሲዮኑን ይጠርጥሩ። ከዚያ ሊብሬ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከመኪናው ጋር ካልገጠመ ዋጋው ቢረክስም ፊርማውን መተው ነው።

ዝውውሩ ካለቀ በኋላ ጉዞው ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ "ኦርጅናል" የሚለው ቃል ብዙ ትርጉም አለው። በር፣ መብራት፣ ፓራውርት በብዛት የሚገኘው ከሌላ ዲኤክስ ተፈትቶ ነው። የጠፋውን ቶርኖ ቤት ያስቀርፁታል፣ ላሜራውን ባቲላሜራው በመዶሻ ያወጣዋል። እዚህ ላይ ብዙዎቹ ወጣቶች አንድ ስህተት ይደግማሉ። መጀመሪያ የሚገዙት ሰፊ ቸርኬና የሚያጓራ ማርሚታ ነው። ይሄ ሦስት አጥቂ አስፈርሞ በረኛ የሌለው ቡድን ማለት ነው። ፍሬን፣ ራዲያተር፣ አሞርዛቶርና የመሪ ክፍሎች ሳይታደሱ ጉልበት መጨመር ለግጭት መዘጋጀት ነው።

ስለ ጉልበት ከተነሳ፣ ትልቁ ክርክር የሞተር ነገር ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ስለተቀመጠች ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን አየሩ ይበላዋል። ለባህር ወለል የተለካ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ስለዚህ የሚያውቅ መካኒክ ካርቡሬተሩን ለከፍታው ሲያስተካክልለት ብቻ "ይሄ መኪና የእኔ ነው ወይ?" የሚል ባለቤት አለ። ያልጠገበ ከሊትኤስ ሚኒባስ የሚወጣውን 5ኬ፣ 1486 ሲሲውን ይጭናል፤ የአንድ ቤተሰብ ሞተር ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም። የኤኢ86ቱን ባለ 16 ቫልቭ 4ኤጂ የሚመኙም አሉ። ያ ሲመጣ ግን ካምቢዮው፣ መቀመጫው፣ ማቀዝቀዣው ሁሉ አብሮ ይነካል፤ የሞተር ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ለቦሎም ለሽያጭም ጣጣ ነው።

እውነተኛው ፈተና ያለው ጎጃም መንገድ ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ አባይ በረሃ ሲወረድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። በማርሽ ሳይሆን በፍሬን ብቻ የወረደ ዲኤክስ ታች ሲደርስ ፔዳሉ ይሰጥማል፣ የኋላው ታምቡርም ይሸታል። እ.ኤ.አ በ2008 የተመረቀውን፣ በጃፓን ዕርዳታ የተሠራውን ድልድይ ሲሻገር አገሩ ልጅ ጋር የተገናኘ ይመስላል። ደስታው ግን አጭር ነው። ወደ ደጀን የሚወስደው ዳገት ይጠብቀዋል። የ4ኬ ቴስታታ አሉሚኒየም ስለሆነ አንዴ ከፈላ ሊጣመም ይችላል፤ ርካሽ ራዲያተር ያስገባ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ዳር የሚቆመው እዚህ ነው። ቮልስ የያዘው ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ እያፏጨ ያልፈዋል። ደጀን ላይ የደረሰ ወይ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ አማኑኤል ይቀጥላል፣ ወይ ወደ ቢቸናና ሞጣ ይታጠፋል። ሞላውን አስቆርጦ መኪናውን መሬት ያስነካው ጎረምሳ ግን የገጠር መንገድ ሲገባ ሥሩን እያስፈጨ ነው የሚሄደው። ካለፉት ዓመታት ግጭት ወዲህ በዚያ በኩል ለመዝናናት የሚነዳ ሰው መቀነሱ ደግሞ ሌላ ሐዘን ነው።

ለምን ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ? ተቀያሪ ስለሌለ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በብዙ እጥፍ አስወደደው። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። ውጭ አገር ያለ ወዳጅ አሮጌ መኪና ከጨረታ ገዝቶ ያስጭናል፤ እዚህ ግን ያለው ያ ያለው ነው። ሌሊት አስፋልት ላይ ሲሽከረከር ምሰሶ የሳመው ዲኤክስ በማግሥቱ በሩ ሶማሌ ተራ፣ ካምቢዮው ሌላ ሰፈር ነው። የዝውውር መስኮቱ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ቡድኑም እያነሰ ነው።

ሞተር ከለወጡት መካከል ብልጦቹ የወለቀውን 4ኬ አልሸጡትም። ዘይት ተቀብቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል፤ እናትየው በየቀኑ "ይሄ ብረት መቼ ነው የሚወጣልኝ?" ቢሉም።