«ፒክ»፦ ከአሪቻ ቡና ለቀማ እስከ መዝገበ ቃላቱ

ጥቅምት ገፋ ሲል በአሪቻ የቡናው ቅርንጫፍ መቅላት ይጀምራል። ከዲላ በስተደቡብ፣ በይርጋ ጨፌ ወረዳ፣ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው በዚህች ቀበሌ ቡናው ከእንሰት ጋር በጥላ ዛፍ ሥር ያድጋል። ለቃሚው ቅርንጫፉን በአንድ እጁ ጎንበስ አድርጎ ይይዝና በሌላው ቀዩን ፍሬ ብቻ ይቀነጥሳል። አረንጓዴው ይቆያል። ፍሬው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይበስል ወደዚያው ዛፍ ተመልሶ መምጣት ግድ ነው።

ይህን ሥራ እንግሊዝኛ «ፒክ» ይለዋል። ውጭ አገር በሚሸጥ የቡና ከረጢት ላይ «ሃንድ ፒክድ» ተብሎ የሚታተመው በእጅ የተለቀመ ለማለት ነው። የአሪቻ ልጅ ታዲያ ቃሉን በትምህርት ቤት ያገኘዋል። ቤቱ ጌዴኦፋ ይናገራል፣ ገበያ ላይ አማርኛ ይሰማል። እንግሊዝኛ ደግሞ በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጠዋል። «ፒክ» ማለት መልቀም መሆኑን ለመያዝ አይቸገርም፤ እጁ ያውቀዋል። ችግሩ የሚመጣው ግሱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ቃል ስትቆም ነው።

«ፒክ አፕ» ሲባል መልቀም ይቀርና ማንሳት ይሆናል። መሬት ላይ ያለውን ቅርጫት ማንሳት፣ መንገድ ላይ የሚጠብቅን ሰው በመኪና ማንሳት፣ የሚጮኸውን ስልክ ማንሳት፣ ሁሉም «ፒክ አፕ» ነው። እስከዚህ ድረስ አማርኛው «አነሳ» አብሮ ይጓዛል። ከዚያ በኋላ ግን ይለያያሉ። ገበያው ቀዝቅዞ ቆይቶ ሲነቃቃ «ፒክ አፕ» አደረገ ይባላል። ጉንፋን የያዘው ሰውም ጉንፋኑን «ፒክ አፕ» አድርጎታል። ከገበያተኛ ጋር እየዋለ፣ ያለ መምህርና ያለ ደብተር ቋንቋ የቀሰመም እንዲሁ። ለዚህ ለመጨረሻው አማርኛም ሩቅ አይደለም፤ ከየአፉ የሰማውን የሚሰበስብ ሰው «ወሬ ለቃሚ» ይባል የለ?

ቃሉ አገራችን ከገባ ቆይቷል። ከኋላው ክፍት የጭነት ቦታ ያለውን መኪና ሁሉም «ፒካፕ» ብሎ ይጠራዋል፤ እቃ ያነሳል፣ ሰው ያነሳል። በእንግሊዝኛ ግሱና ስሙ የሚለዩት በድምፅ ክብደት ነው። ማንሳትን ሲናገሩ ክብደቱ «አፕ» ላይ ያርፋል፤ መኪናውን ሲጠሩ ግን «ፒክ» ላይ።

«ፒክ አውት» ከብዙ መካከል ነጥሎ ማውጣት ነው። «ፒክ ኦቨር» ደግሞ አንድ በአንድ እያገላበጡ መፈተሽ። ሁለቱንም በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ከቡና ማጠቢያ ጣቢያ የተሻለ ቦታ አያገኝም። እሸቱ ቡና ከተፈለፈለ፣ በገንዳ ውስጥ ከተብላላና ከታጠበ በኋላ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ይሰጣል። እየደረቀ ሳለ ሠራተኞች አልጋውን ከግራና ከቀኝ ከበው ያገላብጡታል፤ የተሰበረውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን፣ ነፍሳት የበላውን ያወጣሉ። ማገላበጡና መፈተሹ «ፒክ ኦቨር» ነው፤ መጥፎዋን ፍሬ ለይቶ ማውጣቱ «ፒክ አውት»። አማርኛ ሁለቱንም በአንድ ቃል ይይዛቸዋል፦ መልቀም። ምስር የምትለቅም እናትም የምታደርገው ይህንኑ ነው።

«ፒክ አት» ሲሆን ደግሞ ሥራው ከልብ አይደለም። ምግብ ቀርቦለት ያልተራበ ልጅ እንጀራውን ቆንጠር ቆንጠር አድርጎ ሲተወው እንግሊዞች በዚህ ይገልጹታል። አማርኛ እዚህ ላይ የሚጠቀምበት መንገድ ድንቅ ነው። ሌላ ቃል አይጨምርም፤ የግሱን ድምፅ ራሱን ይደግማል። ነካ የነበረው ነካካ፣ ቆነጠረ የነበረው ቆነጣጠረ፣ ለቀመ የነበረው ለቃቀመ ይሆናል። አማርኛ ብዙ ጊዜ ግሱን ከውስጥ የሚያበጀውን እንግሊዝኛ ከውጭ በምትቆም ቃል ያበጀዋል።

«ፒክ ኦን» ላይ ሲደረስ የቃል በቃል ትርጉም ፈጽሞ አያዋጣም። «ኦን» ማለት «ላይ» ነው የተባለ ተማሪ «ላዩ ላይ ለቀመ» ብሎ ቢተረጉም አይፈረድበትም። ትርጉሙ ግን አንድን ሰው ነጥሎ ማስቸገር፣ ነገር መፈለግ ነው። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀለድበት ልጅ «ለምን እኔን ብቻ?» ሲል የሚያማርረው ስለዚህ ነው።

የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ሁሉ እንደ ባዕድ ነገር ሊያየው አይገባም። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ግሳቸው አንድ ነው፤ «ለ» እና «በ» ግን አንዱን ወደ ቤቱ፣ ሌላውን ወደ ወህኒ ይሰዱታል። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»ም እንዲሁ። የአሪቻ ገበሬ ችግኝ በተከለ ማግስት ሰማዩ ሲከፈት «ዘነበለት» ይባላል፤ ቡናው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ከሆነ ግን «ዘነበበት»። ዝናቡ ያው ዝናብ ነው። ልዩነቱ አማርኛው ሥርዓት ይዞ መሄዱ ነው፦ «ለት» አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጥቅም፣ «በት» ወደ ጉዳት ያደላል። የእንግሊዝኛዋ «አፕ» ግን ቅርጫት ስታነሳ አንድ ነገር፣ ጉንፋን ስታስይዝ ሌላ ነገር ናት።

ይህ ጣጣ የተስተዋለው ዛሬ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው ታላቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ ከእነዚህ ጥምረቶች በላይ የውጭ ሰውን የሚያስቸግር እንደሌለ ጽፎ ነበር። ዛሬ የሚታወቁበትን «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለውን ስም ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 በመጽሐፉ ሲያስተዋውቅ፣ ስሙን ያቀበለው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሄንሪ ብራድሊ መሆኑን ገልጿል።

ከአሪቻ ጋር በተለይ የሚገናኝ አንድ አባባል አለ፦ «ቼሪ ፒኪንግ»። በእንግሊዝኛ ክርክር ይህ ወቀሳ ነው፤ የሚስማማውን ማስረጃ ብቻ መርጦ የማይስማማውን የሚደብቅ ሰው ይከሰስበታል። የቡና ነጋዴዎች እሸቱን ፍሬ የሚጠሩት ግን በዚያው ቃል «ቼሪ» ብለው ነው። በአሪቻ ማሳ ቀዩን ብቻ መርጦ አረንጓዴውን መተው የጥራት መጀመሪያ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቅርሱን ሊያይ ለሚመጣ እንግዳ ማሳውን የሚያሳይ የአካባቢው ወጣት ይህን የቃሉን ሁለት ፊት ቢያውቅ ጥሩ ጨዋታ ይከፍትለታል።

ሰዋስዉ ላይ አንድ ነገር መያዝ ይጠቅማል። «ፒክ አፕ» እና «ፒክ አውት» ተለያይተው መቆም ይችላሉ፤ ቅርጫቱ በመካከላቸው ቢገባም ባይገባም ልክ ነው። «እሱን» የሚል ተውላጠ ስም ሲመጣ ግን መካከል መግባቱ ግዴታ ነው፦ «ፒክ ኢት አፕ» ይባላል፤ «ፒክ አፕ ኢት» ስህተት ነው። «ፒክ ኦን» እና «ፒክ አት» በተቃራኒው አይላቀቁም፦ «ፒክ ኦን ሂም»። አማርኛም ጌዴኦፋም ግሳቸውን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚያኖሩ፣ ግሱ መሐል ገብቶ ጭራው ከስሙ ወዲያ መቅረቱ ለጆሮ እንግዳ ነው። በልምምድ እንጂ በመሸምደድ አይለመድም።

ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን የጀመረው በመምህራን ትምህርትና በጤና ሳይንስ ኮሌጅነት ነው፤ ከዚያ ወጥተው እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መምህራን ይህን ማሳ በቅርብ ያውቁታል። እነሱንም ሆነ በየቡና አገሩ ያሉትን ባልደረቦቻቸውን አንድ ነገር መጠየቅ ይገባል፦ ሃምሳ ፍሬዛል ቨርብ በፊደል ተራ ደርድሮ ከማስገልበጥ በፊት፣ በለቀማ ወቅት ተማሪዎቹን ወደ አልጋው አውጧቸው። ቅርጫቱን ያንሱ፣ የተሰበረችውን ፍሬ ለይተው ያውጡ፣ ያደረጉትንም እዚያው በእንግሊዝኛ ይናገሩት። ደብተራቸው ላይ ሲጽፉም «ፒክ»ን ብቻውን አይጻፉት፤ አብራው ከቆመችው ቃልና ከሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ጋር ይጻፉት።