አበሉን ልያዝ ወይስ ኑሮዬን?

«የት ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ፊልድ ነኝ!» ብሎ መመለስ የሚያኮራበት ዕድሜ አለ። የሰፈር ጓደኛ ካፌ በር ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ሲቆጥር፣ ባለ ፊልዱ ዛሬ ጅማ፣ ነገ መቱ፣ ከነገ ወዲያ ጋምቤላ ነው። ሲመለስ ማሩን አንጠልጥሎ፣ ቡናውን ቋጥሮ፣ ኪሱን በአበል ሞልቶ ይመጣል። ማን ይጠላል? ሴቱም ወንዱም «እሱስ ታድሎ!» ይለዋል። ከታደለው ሰው ጓዳ ያለውን ግን የሚጠይቅ የለም።

እኔም ከታደሉት አንዱ ነበርኩ። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሽያጭ ተቆጣጣሪ ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከወሩ ሃያውን ቀን የማድረው አልጋ ቤት ነው። ቁርስ ደብረ ብርሃን፣ ምሳ ኮምቦልቻ፣ እራት ወልዲያ… አዲስ አበባ ተመልሼ ሁለት ሌሊት ካደርኩ በኋላ ደግሞ ጉዞ ወደ ሻሸመኔ፣ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ዓይኔን ጨፍኜ ልነግራችሁ እችላለሁ።

ሥራውን አልጠላሁትም። አገሬን ያወቅኩት በእሱ ነው። ታናሽ እህቴ ኮሌጅ የጨረሰችው በእሱ አበል ነው። ታዲያ ምን ቆርጦህ ለቀቅክ? ትሉኝ ይሆናል።

ለስልክ የታጨች ልጅ

ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ቀን ተቆርጦ ነበር። የመጀመሪያው ቀን በዓመት መዝጊያ የሽያጭ ዘመቻ ምክንያት ተራዘመ። ሁለተኛውም አዲስ ቅርንጫፍ ይከፈታል ተብሎ ተራዘመ። እጮኛዬ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። በስልክ እያወራን ሳለ ረጋ ብላ «እኔ እኮ የታጨሁት ላንተ አይደለም፤ ለስልክህ ነው» አለችኝ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን እናቴ ሥራ ስትውል እየመገቡ ያሳደጉኝ ጎረቤታችን አረፉ። የሰማሁት ነቀምቴ ሆኜ ነው። የደረስኩት ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ነው። ድንኳኑ ተነሥቶ፣ የእድሩ ወንበር ተመልሶ ግቢው ጭር ብሏል። እናቴ በሩ ላይ ጠብቃ «አይዞህ ልጄ፣ እኔ ስሞትም ይደውሉልሃል» አለችኝ። እንደ ቀልድ ነው የተናገረችው። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ አንጋፋ ሾፌር ነበረን። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው። አንድ ቀን ጣርማ በርን ስናልፍ «ጋሼ፣ ልጆችዎ እንዴት ናቸው?» ብለው፣ «ስሄድ በስፖኪዮ አያቸዋለሁ፤ ስመለስ አድገው አገኛቸዋለሁ» አለኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ደሴ አልተነጋገርንም።

አበል ደመወዝ አይደለም

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሆድ ባሰኝ ተብሎ በማግሥቱ ደብዳቤ አይጻፍም። ከሁሉ በፊት ሒሳብ ነው። የፊልድ ሠራተኛ ትልቁ ወጥመድ አበልን ከደመወዝ ጋር ደርቦ መኖር ነው። ቤት ኪራዩ፣ እቁቡ፣ ለቤተሰብ የሚላከው ሁሉ በአበል ይታሰባል። የጡረታ መዋጮው ግን (ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ) የሚቆረጠው ከደመወዝ ነው። አበል መንገድ ላይ ስትሆኑ ብቻ ያለ ገንዘብ ነው። ብትታመሙ ይቆማል፤ ብትወልዱም ይቆማል።

ስለዚህ እኔ ለስድስት ወር በደመወዜ ብቻ ኖርኩ። ከአበሉ ምግቤንና አልጋዬን ከፍዬ የተረፈችውን ሳንቲም በሙሉ በሌላ የባንክ ደብተር አስቀመጥኩ። ሁለት ጥቅም አገኘሁበት፤ አንደኛ ያለ አበል መኖር እንደምችል በተግባር አየሁ፤ ሁለተኛ የአራት ወር ወጪዬን የምትሸፍን ጥሪት ያዝኩ።

ቀጥሎ ከመልቀቅ በፊት መጠየቅ ነው። አለቃዬን «ቢሮ ውስጥ ቦታ ካለ ያዛውሩኝ» አልኳቸው። «አንተን ካነሣሁ መንገዱን ማን ይችለዋል?» ብለው አሞገሱኝ። ይህ ሙገሳ በአማርኛ ሲተረጎም «አይሆንም» ማለት ነው። ይሁን እንጂ መጠየቅ ከንቱ አይደለም። አንዲት የማውቃት የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በወር ከአሥር ቀን በላይ እንዳትወጣ በጽሑፍ ጠይቃ ተፈቅዶላታል። እስካሁን እዚያው ነች፤ ደስተኛ ነች።

ሕጉስ ምን ይላል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በፈቃዱ መልቀቅ እንደሚችል ይደነግጋል። «ምትክ እስክናገኝ አትሄድም» የሚባለው ልመና እንጂ ሕግ አይደለም። ያለ ማስጠንቀቂያ ጥሎ የሚሄድ ግን እስከ 30 ቀን ደመወዙ ድረስ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። ደብዳቤያችሁን መዝገብ ቤት አስገቡና በቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም አስመቱበት።

አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ፣ የሥልጠና ውል ግዴታም የሌለበት ሠራተኛ፣ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይታሰባል። የእኔ ስድስት ዓመት የ80 ቀን ደመወዝ ሆነ ማለት ነው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም ወደ ገንዘብ ይለወጣል። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። የሥራ ልምድ ማስረጃም መብታችሁ ነው። (የመንግሥት ሠራተኞችና የሥራ መሪዎች በዚህ አዋጅ አይተዳደሩም፤ የራሳችሁን ሕግና ውል ተመልከቱ።)

አንድ ነገር አደራ! የጉዞ ቅድሚያ ክፍያችሁን ከደብዳቤው በፊት አወራርዱ። የአልጋና የነዳጅ ደረሰኝ ጠፍቶበት ክሊራንስ ለማግኘት ወር የተንከራተተ ጓደኛ አለኝ።

ከሻንጣ በኋላ

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መጋዘን የንብረት ክፍል እሠራለሁ። ገቢዬ በግማሽ ያህል ወርዷል፤ አልደብቃችሁም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ እየባነንኩ ሻንጣዬን እፈልግ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ቤት መዋል ሁሉ ጨነቀኝ። ከተማው ውስጥ ያለኝ ጓደኛ ጥቂት መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። ይህም ያልፋል፤ ግን እንደሚመጣ አውቃችሁ ጠብቁት።

ሠርጉ ተደግሷል። ከባለቤቴ ጋር አሁን የምንጣላው ፊት ለፊት ነው፤ የምንታረቀውም እንደዚያው። ለእናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ አስቤዛ እሸከምላታለሁ። እድሩም ስሜን ስለለመደው ድንኳን የሚተክሉት ውስጥ መድቦኛል።

ሁሉም ሰው ይልቀቅ ማለቴ አይደለም። ወጣት ከሆናችሁ፣ የሚጠብቃችሁ ከሌለ፣ ሥራው የሚያስተምራችሁና የምታስቀምጡበት ከሆነ ሂዱ፤ አገሩ ሰፊ ነው። ነገር ግን የጉዞ ማዘዣ ሲሰጣችሁ ደስታው ቀርቶ ሆዳችሁ የሚባባ ከሆነ፣ እቤት ስትገቡም እንደ እንግዳ «ብላ እንጂ፣ ተጫወት» የምትባሉ ከሆነ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡና ያለ አበል በወር ስንት እንደሚበቃችሁ ዛሬውኑ ደምሩ። ድምሩን ካወቃችሁ በኋላ ደብዳቤውን መጻፍ ቀላል ነው።