ትምህርት ቤት ውስጥ ያለው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ምን ይሠራል?

አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ መናገር ቢፈራ ብዙዎች «ዓይን አፋር ነው» ብለው ያልፉታል። ፍርሃቱ ግን ካልታከመ ከትምህርት ገበታ ሊያርቀው ይችላል።

እንግሊዝ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ በጊዜ የሚደርስ ሙያ አላት፦ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሠራ የአእምሮ ጤና ባለሙያ። መንግሥት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው የፖሊሲ ሐሳብ መነሻነት የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች በ2019 ሥልጠና ጀመሩ። ሥልጠናው አንድ ዓመት ይፈጃል፤ ዩኒቨርሲቲ እየተማሩ ትምህርት ቤት ውስጥ ይሠራሉ።

የባለሙያዎቹ ትኩረት ከቀላል እስከ መካከለኛ የሆነ ጭንቀትና ድባቴ ነው። ከላይ ላለው ተማሪ ባለሙያዋ የሚያስፈሩትን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አብራው በወረቀት ትደረድራለች፦ ለአንድ ጓደኛ ማንበብ፣ የመምህሩን ጥያቄ መመለስ፣ በመጨረሻም በክፍሉ ፊት መናገር። ተማሪው ፍርሃቱን ከ0 እስከ 10 እየመዘነ፣ አንዱ ደረጃ እስኪቀለው ድረስ ይደጋግመዋል።

ለትንንሽ ልጆች ግን ባለሙያዋ በአብዛኛው የምትሠራው ከወላጆች ጋር ነው።

ከባድ ሕመም ወይም ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ሲኖር ጉዳዩ ወደ ልዩ ሕክምና ይመራል።

አገልግሎቱ ገና ሁሉም ትምህርት ቤት አልደረሰም። እንግሊዝ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች በልጃቸው ትምህርት ቤት መኖሩን መጠየቅ፣ ለቀጠሮውም አስተርጓሚ እንዲመደብላቸው ማሳሰብ ይችላሉ።